ደቃቅ ፊደል

ራምላ፣ ከገበያው ጀርባ፣ በጠባቧ ሱቅ
ከረሜላ በኪሎ እመዝናለሁ፤
አረንጓዴ ድብ፣ ቀይ እባብ፣
ስኳር የተነሰነሰበት ቢጫ ጣት።
ልጅ ሁሉ ከፊት ለፊት መልኩን ያያል፤
ራዛን ግን ገልብጣ ከጀርባው ትጀምራለች።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነገ ወንድሟ ቀለበት ያስራል።
አያቷ ኡም ዋኤል ከበሩ ላይ ቆመው
«ሐላል ነው ወይ? በያት» ይላሉ በዓረብኛ፤
እሷ በዕብራይስጥ ትጠይቀኛለች፤
እኔ በአማርኛ አስባለሁ።

ፊደሉን የያዝኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣
ጣቴን አስቀድሜ ከቀኝ ወደ ግራ፣
በውሰት በሬ እንደሚያርስ ገበሬ
እየቆምኩ፣ እየፈራሁ።
ስለዚህ አንድ ከረጢት ላይ ሁለት ሆነን አጎነበስን፤
ስኳር፣ ግሉኮስ፣ የሎሚ አሲድ፣
ከዚያ ያቺ ቃል፦ ጄላቲን።

«ከምን?»
«ከዓሣ ይላል።»
ድቡ አለፈ።

እባቡ «ከከብት» ብሎ ዝም አለ።
የራቢው ማኅተም አለበት፣ ክብ፣ ሰማያዊ፤
«አሳማ የለበትም፣ ለዚህ እኔ ዋስ» አልኩ።
ኡም ዋኤል ራሳቸውን ነቀነቁ፦
«ከብቱን ማን አረደው? የጌታን ስም ማን ጠራበት?»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ።
ወገራ፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤
ማረሻ የሚያስለው ሁሉ ይጠራዋል ለድግስ፣
እሱ ግን ሌላ ያረደውን አይቀምስ።
ሸማኔው ኑርዬ ልጁን የዳረ ዕለት
ሽንብራ ቆላለት ለብቻው፣
ባዲስ ሸክላ፣ ቢላ ባልነካው።
«ይኸ ያንተ ነው» አለው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።
የአባቴ ቆረጣጠም ከከበሮው በላይ ይሰማ ነበር።

ከረጢቱ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ደወልኩ።
ሙዚቃ አሰሙኝ፣ ሦስትን ተጫኚ አሉኝ፣
በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ፦
«እርዱ? ኮሸር ነው እኮ፣ እመቤት፤
አንቺ አይሁዳዊት አይደለሽም እንዴ?»

ይህንንም አውቀዋለሁ።
እንደመጣን ሰሞን እኛንም ገልብጠው አነበቡን፦
ከምን ናችሁ? ምን ተቀላቀለባችሁ? ማን ይመስክር?
አባቴ በስተርጅናው «ውኃ ግባ፣ እንጠራጠርሃለን» ቢሉት
ካፖርቱን ሳያወልቅ
በገባበት በር ወጣ።

«ሻጭ ነኝ» አልኩት። «ደንበኛዬ ልወቅ ትላለች።»
«አላውቅም» አለ።
ቢያንስ አልዋሸም። እባቡን መለስነው።

ያኔ ራዛን የወርቅ ወረቀት የለበሰውን ቸኮሌት አየች፤
«ይኸስ? ማኅተሙ ትልቅ ነው!»
የሱቁ ውድ እሱ ነው።
ባለ ሱቁ ሲማንቶቭ ከጥግ ሆኖ ሳንቲም ይቆጥራል፣
ጆሮው ግን እኛ ዘንድ ነው።
አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ።
ራቢ ለአሳማ እንጂ ለኮኛክ አይቆጣም።

«መጠጥ አለበት» አልኳት በሹክሹክታ።
«ብዙ?»
«በጣም ትንሽ።»

ወደ በሩ ዞራ አየች።
አያቷ ከመንገደኛ ጋር ወሬ ይዘዋል፣ አልሰሙም፤
በዚያ ሱቅ ያንን ፊደል የምናውቅ ሁለት ብቻ ነን።
የወርቁን ወረቀት ባውራ ጣቷ ዳበሰችው፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣
ከዚያ በእግር ጣቶቿ ተንጠራርታ
ከነበረበት መለሰችው።

ግማሽ ኪሎ ድብ መዘንኩ። ለምርቃት ሦስት ጨመርኩ።
ሲማንቶቭ አየ፤ አሳለ፤ ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን ራዛን ብቻዋን መጣች፣
እጇን ከኋላዋ ደብቃ።
«አያቴ ናት የላከችልሽ፣ ከወንድሜ ቀለበት፤
የኛን ምግብ ትበይ አትበይ ስላላወቀች
ያልተከፈተ ገዛችልሽ።»

አነስተኛ ከረጢት፣ ክብ ማኅተም ያለበት።
ገልብጬ፣ በጣቴ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፦
ሽንብራ። ጨው።